ጎመኑን ለቀንድ አውጣ፣ ቀንድ አውጣውን ለማን?

ክረምት ሲገባ ደሴ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ሮሮው አንድ ነው። ማታ ችግኙ ደህና ነበር፤ ጠዋት አገዳው ብቻ ቆሟል። የተረፈው ቅጠል ተበሳስቷል። መደቡ ላይ ደግሞ ደርቆ የሚያብለጨልጭ የልጋግ መስመር ይታያል። ሌባው ማን እንደሆነ አያጠያይቅም። ቀንድ አውጣ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ቅርፊት የሌለው፣ ራቁቱን የሚሄደው ዓይነት።

መፍትሔ ተብሎ የሚነገረው ብዙ ነው። ጨው በትን፣ አመድ ንስንስ፣ ማላታይን እርጭ ይሏችኋል። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ብዙ ሰው ሲሰማው ፊቱን የሚያጨማድድበትን መንገድ ነው። ቀንድ አውጣ የሚበሉ ተሳቢ እንስሳት፣ እነ እንሽላሊትና አንዳንድ ትንንሽ እባብ፣ ጓሯችን ውስጥ እንዲኖሩ መፍቀድ። ጠና ያሉ ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ "አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? እባብ ይገደላል እንጂ ይጠራል እንዴ?" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ በሚባልበት አገር እንዲህ ዓይነት ምክር ዝም ብሎ አይዋጥም። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

ቀንድ አውጣ ደሴን ለምን ወደዳት?

የቀንድ አውጣ ገላ አብዛኛው ውሃ ነው። ቆዳው ደግሞ ውሃውን አይዝለትም። ፀሐይና ነፋስ ካገኙት ይደርቃል። ስለዚህ ቀን ቀን ድንጋይ ሥር፣ ጉዝጓዝ ሥር፣ ጥቅል ጎመኑ እግር ሥር ተወሽቆ ይውላል። ሲመሽ ወይም ሲያካፋ ብቅ ይላል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የጦሳን ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ከበላይ ወርዶ ግቢ ድረስ ይገባል። ፀሐይ ሳትታይ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው። ለቀንድ አውጣ ከዚህ የተሻለ አገር የት ይገኛል? በዚያ ላይ ወሎ የበልግ ዝናብም አለው። እሱም ለቀንድ አውጣ ትርፍ ጊዜ ነው።

መራባቱም የዋዛ አይደለም። አንዱ ቀንድ አውጣ ወንድም ሴትም ነው። ስለዚህ ሁለት ሲገናኙ ሁለቱም እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ። እንቁላሉን አፈር ስንጥቅ ውስጥ ወይም ድንጋይ ሥር ሰብሰብ አድርገው ያስቀምጡታል። ስትኮተኩቱ ነጣ ያሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ከዩሪያ ፍሬ ጋር የሚምታቱ ጥቃቅን ድቡልቡል ነገሮች ካገኛችሁ እነሱ ናቸው። አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጧቸው፤ አለቀላቸው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ሁሉም ቀንድ አውጣ የጎመን ጠላት አይደለም። ብዙዎቹ የበሰበሰ ቅጠልና የሞተ ነገር እየበሉ አፈሩን ያግዛሉ። ችግኝ ላይ የሚረባረቡት ጥቂት ዓይነቶች ናቸው። ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። ሐይቅና ኮምቦልቻ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲወራ የሚነሳው ቀንድ አውጣ ውሃ ውስጥ የሚኖር ሌላ ፍጥረት ነው። የጓሮው ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ አያስተላልፍም። እንዲያም ሆኖ በባዶ እጅ ባትነካኩት ይመረጣል፤ የሄደበትን ሰላጣም በደንብ ማጠብ ነው።

ጨው፣ አመድ፣ ማላታይን

ጨው ቀንድ አውጣን ይገድላል። ውሃውን ስቦ ያደርቀዋል። ግን ዝናብ ሲመጣ ጨው ወደ አፈር ይሰርጋል። አፈር ላይ የተጠራቀመ ጨው ደግሞ ጎመኑን ራሱን ይጎዳል። አመድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ ይሠራል። የሐምሌ ዝናብ አንዴ ከመታው ሊጥ ይሆናል፤ ቀንድ አውጣው በላዩ ላይ ሽር ብሎ ያልፋል።

ማላታይንን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፤ የዛሬው ጉዳያችን እዚህ ውስጥ ተደብቋል። ማላታይን የነፍሳት መድኃኒት ነው። ቀንድ አውጣ ነፍሳት አይደለም። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚያገኘው ሌሎቹን ነው። አፈር ላይ የሚርመሰመሱትንና የቀንድ አውጣ እንቁላልና ግልገል የሚበሉትን ጢንዚዛዎች ይጨርሳል። እንሽላሊት የሚመገበውን ፌንጣና ሸረሪት ይጨርሳል። ምግብ ያጣ እንሽላሊት ወይ ይሄዳል ወይ ይሞታል። ቀንድ አውጣው ግን ይቀራል፤ ያውም ጠላት የሌለው ሆኖ። ሰው ከረጨ በኋላ "ጭራሽ ባሰበት" የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለቀንድ አውጣ ተብሎ የተሠራ መርዝም አለ። ሜታልዲሃይድ ይባላል፤ ትንንሽ ፍሬ ሆኖ ይበተናል። ውሻ ከበላው ለሞት ያደርሰዋል። ወፎችንና ትንንሽ የዱር እንስሳትን ስለሚጎዳ እንግሊዝ በፈረንጆቹ 2022 ከቤት ውጭ መጠቀሙን ከልክላለች።

ታዲያ ማን ይበላዋል?

በዚህ ጉዳይ ስማቸው የሚነሳው የእንግሊዝ አትክልተኞች ናቸው። እነሱ ዘንድ ስሎው ወርም የሚባል እንስሳ አለ። ሲያዩት እባብ ነው። ግን አይደለም፤ እግር የሌለው እንሽላሊት ነው። እንዴት ይታወቃል? ዓይኑን ይጨፍናል። እባብ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን መጨፈን አይችልም። ስሎው ወርም ሲይዙት ደግሞ ጭራውን ቆርጦ ጥሎ ያመልጣል። እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ዕድሜው የጉድ ነው፤ በእንክብካቤ ሥር ሆኖ 54 ዓመት የኖረ ተመዝግቧል። ዋና ምግቡ ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣና የአፈር ትል ነው። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1981 ባወጡት የዱር እንስሳት ሕግ እሱን መግደልም መሸጥም ያስጠይቃል። አትክልተኛው የብስባሽ ክምሩ ውስጥ ሲያገኘው ደስ ይለዋል፤ መልሶ ሸፍኖት ይሄዳል።

ስሎው ወርም እኛ ጋ የለም። ከአውሮፓና ከአካባቢዋ የማይወጣ እንስሳ ነው። "አስመጥተን እናርባው" የሚል ሐሳብ ቢመጣባችሁ ተዉት። ባይሆን ግን እኛም የራሳችን አለን።

የአፍሪካ ቀንድ አውጣ በል እባብ ከደቡብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ድረስ ይኖራል። ሳይንሱ ዱቤሪያ ይለዋል። የቅርብ ዘመዶቹ አብዛኞቹ ማዳጋስካር ደሴት ላይ ናቸው። ትንሽ እባብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ጀርባው ቡናማ ነው፤ ሆዱ ፈዘዝ ይላል። ጭንቅላቱ ከአንገቱ እምብዛም አይሰፋም። ሰውን የሚጎዳ መርዝ የለውም። ሲያስፈራሩት ለመንከስ አይሞክርም። ጭንቅላቱን መሐል ደብቆ፣ ሴቶች ስፌት ሲጀምሩ አክርማውን እንደሚያዞሩት፣ ራሱን ጥብቅ አድርጎ ይጠቀልላል። በዚያ ላይ መጥፎ ጠረን ይለቃል። መከላከያው ይኸው ነው።

አበላሉ ደስ ይላል። ቀንድ አውጣ የትም ሲሄድ ልጋጉን ይተዋል። እባቡ በምላሱ ያንን ልጋግ እያሸተተ ዱካውን ይከተላል። እኛን ጠዋት ጠዋት የሚያናድደን ያ የሚያብለጨልጭ መስመር ለእሱ የአድራሻ ጽሑፍ ነው። ቅርፊት የሌለውን እንዳለ ይውጠዋል። ቅርፊት ያለውን ደግሞ ለስላሳ ገላውን ነክሶ ከቅርፊቱ ይጎትተዋል።

ሌላም ነገር ልጨምር። ይህ እባብ እንቁላል አይጥልም፤ ልጆቹን ሕያው አድርጎ ነው የሚወልደው። ብርዳማ ቦታ የሚኖሩ ብዙ ተሳቢዎች እንዲህ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንቁላል በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ቢቀበር አይፈለፈልም ወይም ይዘገያል። እናትየዋ በሆዷ ከያዘችው ግን ፀሐይ ወዳለበት ይዛው ትሄዳለች። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ድንጋይ ስንደረድር ይጠቅመናል።

እንሽላሊትስ? ቆዳው የሚያብረቀርቀው፣ ካብ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አይቶን ጥልቅ የሚለው እንሽላሊት ዋና ምግቡ ነፍሳት ነው። ትንንሽ ቀንድ አውጣ ካገኘ ግን አይምርም። ከዚያም በላይ ፌንጣውን፣ አባጨጓሬውን፣ የእሳት እራቱን ይለቅማል። ለጎመን ባለቤት እሱም ትርፍ ነው። እስስት ቀንድ አውጣ አዳኝ አይደለችም። ግን ዝንብና ፌንጣ ትበላለች፤ መርዝም የላትም። በስሟ ስንት ወላዋይ ሰው ሰድበንባታል፤ መግደሉ እንኳ ይቅርባት። ኤሊን በተመለከተ ሰው ይጠይቀኛል። ኤሊ ሰላጣውን ራሱ ይበላል፤ ስለዚህ እሱን እንለፈው።

ጉርጥም አለ። ጉርጥ ከተሳቢዎች ወገን አይደለም። ግን ማታ ማታ ከቀንድ አውጣው ጋር አብሮ የሚወጣ፣ የደረሰበትን የሚውጥ ባለሙያ ስለሆነ ከዝርዝሩ ማስቀረት ግፍ ነው።

እንግዳውን የሚመርጠው ምግቡ ነው

ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ ልመለስ። "ለደጉ እባብ በር ስትከፍት ክፉውም ቢገባስ?" ነው ነገሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ከገባን ሌላው ሁሉ ይቀላል። ተሳቢ እንስሳ የሚሄደው ምግቡ ወዳለበት ነው። ቀንድ አውጣ በል እባብ አይጥ አይበላም፤ አፉም አይችልም። እፉኝት ደግሞ ቀንድ አውጣ ፍለጋ አይመጣም። እሱ በዋናነት የሚመጣው አይጥ ፍለጋ ነው። ኮብራም እንደዚሁ አይጥ፣ ጉርጥና ጫጩት ካለበት አይርቅም።

ስለዚህ ጓሯችሁ ውስጥ ማን እንደሚኖር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ በምትጥሉት ነገር። ፍርፋሪ እንጀራ፣ የተረፈ ወጥ፣ የወደቀ በቆሎ፣ ማታ ተከፍቶ ያደረ የዶሮ መኖ አይጥ ይጠራሉ። አይጥ እፉኝት ይጠራል። ቅጠል፣ ልጣጭና እርጥብ ገለባ ደግሞ ቀንድ አውጣና ትል ይጠራሉ። እነሱን ተከትሎ የሚመጣው ትንሹ ነው።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ካብ ያፈርሳል፣ ሣር ያጭዳል፣ እንሽላሊት በድንጋይ ያባርራል። ከዚያ የእህል ጆንያውን መጋዘን ውስጥ አፉን ከፍቶ ያስቀምጣል። በእኔ ግምት እባብ ቤት ውስጥ ገባ ከሚባለው ታሪክ ብዙው ከጓሮ ሳይሆን ከአይጥ ነው የሚጀምረው።

ከዚህ በመነሳት የመጀመሪያው ሥራ ድንጋይ መደርደር አይደለም። አይጥን ማጥፋት ነው። እህሉ ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ይግባ። የዶሮ መኖ ማታ ይነሳ። ብስባሽ ውስጥ እንጀራ፣ ሥጋና አጥንት አይግባ። የአይጥ መርዝ ባትጠቀሙ ይሻላል፤ ወጥመድና ክዳን ይበቃል። ይህ ሳይሆን ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ቦታውን ማዘጋጀት

ተሳቢ እንስሳ ከእኛ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። የሚሞቅበት፣ የሚደበቅበትና የሚበላው። ገላቸው ሙቀት አያመነጭም። ደሴ ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ካላገኙ አይንቀሳቀሱም፤ የበሉትም አይፈጭም። እርጉዟም እናት በሆዷ ያለውን የምታሞቀው በዚሁ ፀሐይ ነው።

ለዚህ የምሥራቅ ፀሐይ የሚያገኝ ካብ ፍቱን ነው። ጭቃም ሲሚንቶም የሌለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ። ከፍታው ጉልበት ቢደርስ ይበቃል። ሥሩ ላይ ትልልቁን ድንጋይ አድርጉ፤ በመሐሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ክፍተቱ ጠባብ ይሁን፤ ለአይጥ የሚሰፋ ከሆነ የአይጥ ቤት ሠራችሁ ማለት ነው። ወደ ገራዶ ወጣ ስትሉ ገበሬው እርሻው ዳር የካበውን ካብ ተመልከቱ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ቆም ብሎ ላየ ሰው እንሽላሊቱ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ያገኘዋል። ያ ካብ ለአፈር ተብሎ ተሠራ እንጂ ቤትም ሆኗል።

ከካቡ አጠገብ የብስባሽ ክምር ይኑር። ቅጠል፣ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ገለባ። የሚበሰብስ ነገር ሙቀት ያወጣል፤ እርጥበትም ይይዛል። ቀንድ አውጣና ትል እዚያ ይሰበሰባሉ። "ታዲያ ቀንድ አውጣ እያረባሁ አይደለም ወይ?" ብትሉ፣ በከፊል አዎ። ነጥቡ ግን አዳኙ እንዲቆይ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ነገር ያስፈልገዋል። ቀንድ አውጣ ጭራሽ በሌለበት ጓሮ ቀንድ አውጣ በል አይኖርም። ክምሩን ከችግኙ መደብ ራቅ አድርጉት፤ በመሐሉ ደረቅ መንገድ ተዉ።

ከዚያ አንድ ጥግ ሣሩን አትጨዱት። ካቡንና ክምሩን የሚያገናኝ ጠባብ የሣር መስመር ከሆነ በቂ ነው። ተሳቢ እንስሳ ገላጣ ቦታ ማቋረጥ አይወድም፤ ጭልፊትና ቁራ ያዩታል። ጉርጥ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ተዳፋት ያለው ሰፊ ሳህን መሬት ውስጥ ቀብሮ ውሃ መሙላት ይበቃል፤ ትንኝ እንዳይራባ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው።

የሚያጠፋቸውን ነገር ማንሳትም አለብን። ቀዳሚው ድመት ነው። ድመት ያለበት ግቢ ውስጥ እንሽላሊት ዕድሜ የለውም። ይህ አስቸጋሪ ሒሳብ ነው። ምክንያቱም ድመቷ አይጡንም ትይዛለች። እኔ ብጠየቅ ድመቷን ማታ ለአይጡ ልቀቋት፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ቤት አቆዩአት እላለሁ። ድመት የሚታዘዝ ከሆነ ማለቴ ነው። ዶሮም ቀንድ አውጣ በጣም ይወዳል፤ እንቁላሉንም ጭሮ ያወጣል። ግን ትንንሽ እንሽላሊትም ይለቅማል፤ ሰላጣውንም አይምርም። ዶሮን መልቀቅ ያለባችሁ ከመትከል በፊት፣ መደቡ ባዶ እያለ ነው።

ሁለተኛው መረብ ነው። ጎመን ከወፍ ለመከላከል መሬት ላይ የሚዘረጋ የፕላስቲክ መረብ እባብ ይይዛል። ሲታገል ይቆራርጠዋል። መረብ ካስፈለገ ከመሬት ከፍ ብሎ ተወጥሮ ይታሰር። ሦስተኛው እሳት ነው። የደረቀ ቅጠል ክምር ላይ ክብሪት መጫር ውስጡ ያለውን ሁሉ ማቃጠል ነው።

ከሌላ ቦታ ይዞ ማምጣት የሚባል ነገር አይኑር። የዱር እንስሳ ያለፈቃድ መያዝ በሕግም ያስጠይቃል። ደግሞም አይጠቅምም። የመጣ እባብ ቦታውን ስለማያውቀው ወይ ይሄዳል ወይ ይሞታል። ቦታው ከተመቸ በራሱ ይመጣል።

እፉኝት ባለበት አገር

እንግሊዝ ውስጥ የሚሠራ ምክር እንዳለ አይሠራም የምለው እዚህ ላይ ነው። እዚያ አገር ያለው መርዛማ እባብ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። እኛ ጋ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2017 የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰው በእባብ ይነደፋል፤ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርስ ይሞታል። ይህን እያወቁ "እባብ ምንም አያደርግም" ማለት ኃላፊነት የጎደለው ወሬ ነው።

ስለዚህ ልክ ይኑረው። ካቡና ክምሩ ከቤት በር፣ ከሽንት ቤት መንገድና ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። የቤቱ ዙሪያ ተጠርጎ ገላጣ ይሁን። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ደሴ መሐል እንዳለው ብዙ ቤት ማለት ነው፣ ካቡን ተዉት። ግድግዳ ላይ ያለውን እንሽላሊትና ከቱቦ ሥር ያለውን ጉርጥ አለመግደል ይበቃችኋል።

ኮምቦልቻ ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ከተማው ስትደርሱ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ ለቀንድ አውጣ እምብዛም አይመችም፤ ለመርዛማ እባብ ግን ይመቻል። ቦርከና ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማ ሰው ሣር ባይተው፣ እንሽላሊት ላይ ቢያተኩር እመርጣለሁ።

እፉኝት አጭርና ወፍራም ነው። ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ከአንገቱ ተለይቶ የሚታይ ነው። ሰው ሲመጣ አይሸሽም፤ ካለበት አይነቃነቅም። ብዙ ሰው የሚነደፈው ሳያየው ረግጦት ነው። ቀንድ አውጣ በሉ ደግሞ ቀጭን፣ ጭንቅላቱም ጠባብ ነው። ልዩነቱ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ግን የእፉኝት ልጅም ትንሽ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ መርዝ አላት። በዚያ ላይ አፍሪካ ውስጥ አትራክታስፒስ የሚባል አፈር ውስጥ የሚኖር ጥቁር ትንሽ እባብ አለ። ሲያዩት የዋህ ነው። ጥርሱ ግን በጎን ስለሚወጣ ከማጅራቱ ጨምቀው ቢይዙትም ይነድፋል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ የትኛውም እባብ በእጅ አይነካም፤ ደጉም ቢሆን።

ድንጋይ ስታነሱ ጣታችሁን ሥሩ አታስገቡ። በዶማ ጫፍ ወደ ራሳችሁ አዘንብሉት፤ ያኔ ድንጋዩ በእናንተና በውስጡ ባለው መሐል ጋሻ ይሆናል። ብስባሽ በመንሽ እንጂ በእጅ አይገለበጥም። ጓሮ ቦቲ ተጫምቶ መግባት ነው። ማታ ባትሪ ወይም የሞባይል መብራት ሳይዙ አለመውጣት።

ሰው ከተነደፈ መብጣትም መምጠጥም በገመድ ማነቅም አያስፈልግም፤ ይጎዳል። ጥቁር ድንጋይ መለጠፍም መርዙን አያወጣም። ቀለበትና አምባር ቶሎ ይውለቅ፤ እጅ ሲያብጥ አይወጣም። የተነደፈው እጅ ወይም እግር በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ። ሰውየው አይሩጥ፤ ተሸክማችሁ ወይም በባጃጅ ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት። እባቡን ማሳደድ ሁለተኛ ሰው ማስነደፍ ነው።

ምን ያህል ይጠቅማል?

እውነቱን ለመናገር፣ ብቻውን አይበቃም። ተሳቢ እንስሳ በየቀኑ አይበላም። አንዴ ከበላ ቀናት ይቆያል። ብርድ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ይደነዝዛል። ቀንድ አውጣው የሚፈነጨው ደግሞ በዚያው በጉምና በብርድ ወቅት ነው። ሁለቱ ሙሉ በሙሉ አይገጣጠሙም። ስለዚህ የምትጠብቁት ቀንድ አውጣ እንዲጠፋ ሳይሆን ቁጥሩ ልክ እንዲኖረው ነው። ይህም በአንድ ክረምት አይመጣም።

እስከዚያው ችግኙን ማዳን አለባችሁ። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሥሩን ቆርጣችሁ ችግኙ ላይ ድፉት፤ ክዳኑን ክፈቱለት። አገዳው ሲጠነክር አንሱት። ውሃ ማታ ሳይሆን ጠዋት አጠጡ፤ ማታ አፈሩ ላዩ ደርቆ ያገኘው ቀንድ አውጣ እንደልቡ አይሄድም።

ወጥመድም አለ። ቀንድ አውጣን የእርሾ ሽታ ይስበዋል። ፈረንጆቹ ቢራ ይጠቀማሉ። ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ ቢኖራትም እኔ ለቀንድ አውጣ ቢራ አልገዛም፤ የጠላ አተላ እያለ። የሰርዲን ቆርቆሮ መሬት ውስጥ ቅበሩ፤ አፉ ከአፈሩ ጣት የሚያህል ከፍ ይበል፤ ጢንዚዛው እንዳይገባ ነው። ግማሽ ድረስ አተላ ጨምሩበት። ጠዋት ሰምጠው ታገኟቸዋላችሁ። እንዳይሸት ቶሎ ቶሎ ይቀየር።

እርጥብ ጆንያም ይሠራል። ማታ መደቡ ዳር ዘርጉት፤ ሊነጋጋ ሲል ሥሩ የተጠለሉትን ልቀሙ። ጆንያውን ግን በዱላ ገልብጡት እንጂ በእጅ አታንሱት። ሥሩ ሞቅ ያለው ሌላ እንግዳ ሊኖር ይችላል። ተጠቅልሎ የተኛ ትንሽ ቡናማ ነገር ካያችሁ ቀስ ብላችሁ መልሳችሁ ሸፍኑት፤ እናንተ በሌላው ጥግ ቀጥሉ።

ካቡን ለመካብ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት በኋላ ነው። መሬቱ ደርቋል፤ ድንጋይ ማግኘትና ማጓጓዝ ይቀላል። የበልጉ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ክምሩም መበስበስ ይጀምራል። አሁን ክረምት መሐል ላይ ካላችሁ ደግሞ ድንጋይ አትነካኩ፤ በእህሉ በርሜል ክዳን ጀምሩ።